የኮቪድ ገንዘብ ለገበሬ፦ ማን ስንት ወሰደ? የመረጃ ቋቶቹ ሲገመገሙ

በኮቪድ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎች ብዙ ገንዘብ ከፍሏል። በ2020 ብቻ ከ45 ቢሊዮን ዶላር በላይ በቀጥታ ለእርሻ ወጥቷል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ስልኩን ከፍቶ ማን ስንት እንደደረሰው፣ በምን ስሌት እንደደረሰው ማየት መቻል አለበት ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምገመግመው ይህንን ለማወቅ የምንከፍታቸውን የመንግሥትና የግል የመረጃ ቋቶች ነው። አንዳንዶቹ በእውነት ጥሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ቁጥር በቁጥር ሆነው ዋናውን ጥያቄ ሳይመልሱ ይቀራሉ።

መጀመሪያ ገንዘቡ እንዴት እንደመጣ ባጭሩ። በ2020 ጸደይ ምግብ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወተት ገዢ አጣ፤ አርቢዎች ያለቡትን መሬት ላይ እስከ መድፋት ደረሱ። በትልልቅ የሥጋ ፋብሪካዎች ሠራተኞች በብዛት ታመሙ፣ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ ለእርድ የደረሰ አሳማ የያዘ ገበሬ የሚወስድበት ጠፋው። ጉዳቱ እውነተኛ ነበር። ማርች 27 ላይ ኬርስ አክት የሚባለው የኮቪድ እርዳታ ሕግ ተፈረመ። ኤፕሪል 17 ላይ ደግሞ የግብርና ሚኒስቴሩ የ19 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ይዞ ወጣ፤ 16 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለገበሬው፣ 3 ቢሊዮኑ ምግብ ገዝቶ ለተቸገረ ለማከፋፈል። የቀጥታ ክፍያው ፕሮግራም ሲኤፍኤፒ (የኮሮናቫይረስ የምግብ እርዳታ ፕሮግራም) ይባላል። ማመልከቻው ሜይ 26 ተከፈተ። ሴፕቴምበር ላይ እስከ 14 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ሁለተኛ ዙር ተጨመረ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ዙሮች ተደምረው 31 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ደረሱ።

ፍጥነቱ ያስመሰግናል። ገንዘቡ ከተፈቀደ በወራት ውስጥ ገበሬው እጅ ገብቷል። ግን እንዴት ሊፈጥን ቻለ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገበሬው ስንት ከብት እንደሸጠ፣ ስንት እንደቀረው፣ ስንት በቆሎ ጎተራ ውስጥ እንዳለው ራሱ ሞልቶ፣ እውነት ነው ብሎ ራሱ ፈርሞ ያስገባ ነበር። ደረሰኝ ከመነሻው አይጠየቅም ነበር፤ ማስረጃ የሚያቀርበው በኋላ ለምርመራ ከተመረጠ ነበር። በዚያ ቀውጢ ሰዓት ሌላ አማራጭ እንዳልነበረ ይገባኛል። ነገር ግን በእምነት የተሰጠ ገንዘብ የሕዝብ ዓይን ይበልጥ ያስፈልገዋል። አንድ ሰው ሦስት መቶ ከብት አለኝ ብሎ ፈርሞ ግጦሹ ላይ ሠላሳ ቢሆን፣ ዋሽንግተን ያለ ባለሥልጣን ከየት ያውቃል? የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ክፍያውን ካላየ ምንም ሊል አይችልም። የኮንግረሱ የኦዲት ክንድ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮም በ2022 ባወጣው ሪፖርት ሚኒስቴሩ እነዚህን ክፍያዎች ጠበቅ አድርጎ እንዲመረምር ጠይቋል። 2022 ማለት ገንዘቡ ወጥቶ፣ ተበልቶ፣ ዘሩም ተዘርቶ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ግምገማው። ክፍያው ሲጀመር ለሕዝብ የቀረበው የሚኒስቴሩ ዳሽቦርድ (ቁጥሮችን ጠቅልሎ የሚያሳይ ድረ ገጽ) ነበር። በየሳምንቱ ይታደስ፣ የትኛው ስቴት ስንት እንደወሰደ ያሳይ፣ ለከብት ስንት፣ ለወተት ስንት፣ ለእህል ስንት፣ ለአትክልትና ፍራፍሬ ስንት ብሎ ይለይ፣ የጸደቁትን ማመልከቻዎች ብዛትም ይሰጥ ነበር። ለጋዜጠኛ ቆንጆ ነው፤ "አዮዋ አንደኛ ወጣች" ብሎ ዜና ይሠራበታል። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። ስም የለም። ካውንቲ (ከስቴት በታች ያለው የአስተዳደር ክፍል) የለም። ትልቁ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ትንሹ ስንት እንደሆነ አታዩም። ጠቅላላውን ለማመልከቻዎቹ ብዛት አካፍላችሁ አማካይ ታወጣላችሁ፣ አማካዩ ደግሞ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ክፍያው የሚሰላው በከብት ቁጥርና በምርት መጠን ስለሆነ ትልቁ እርሻ ብዙ፣ ትንሹ ጥቂት ነው የሚያገኘው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አጋጭቶ የሚወጣ አማካይ የማንንም ኑሮ አይናገርም። ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጠዋለሁ። ሁለቱም ለፍጥነቱ ነው።

ስም ለምን አስፈለገ የሚል ካለ የክፍያ ጣሪያውን ደንብ ይመልከት። አንድ ሰው በአንድ ዙር ከ250,000 ዶላር በላይ አይወስድም ይል ነበር። ኮርፖሬሽን ወይም ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከሆነ ግን እያንዳንዳቸው ቢያንስ 400 ሰዓት በሥራው ወይም በአመራሩ የተሳተፉ እስከ ሦስት ባለድርሻዎች ካሉት ጣሪያው እስከ 750,000 ይወጣ ነበር። ሁለተኛው ዙር የራሱ ጣሪያ ነበረው፣ ከመጀመሪያው ጋር አይደመርም ነበር። በዓመት ከ900,000 ዶላር በላይ ገቢ ያለው ሰው አይገባውም ይል ነበር፣ ነገር ግን ከገቢው ቢያንስ 75 በመቶ የሚሆነው ከእርሻ፣ ከከብት እርባታ ወይም ከደን ከሆነ ይፈቀድለት ነበር። እንግዲህ ይህን ሁሉ ደንብ ማን አከበረ፣ ማን ዘለለው የሚለውን በስቴት ደረጃ በተደመረ ቁጥር እንዴት አድርጎ ሰው ያጣራል? 400 ሰዓት ሠርቻለሁ ያለው ባለድርሻ እርሻውን በዓይኑ አይቶት ያውቅ እንደሆነ የሚናገረው ስሙ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዩኤስኤስፔንዲንግ አለ። ይህ የፌዴራል መንግሥት የወጪ መረጃ የሚቀርብበት ትልቁ ድረ ገጽ ነው። የተወለደው በ2006 ከወጣ የግልጽነት ሕግ ነው፤ ሕጉን ካቀረቡት ሴናተሮች አንዱ ያኔ የኢሊኖይ ሴናተር የነበረው ባራክ ኦባማ፣ ሌላው ደግሞ የኦክላሆማው ሪፐብሊካን ቶም ኮበርን ናቸው። ሁለት ፓርቲ ተስማምቶ ያወጣው ነገር ስለሆነ ከልቤ አከብረዋለሁ። ለኮንትራት፣ ለዩኒቨርሲቲ ግራንት፣ ለከተማ አስተዳደር የሚሄድ ገንዘብ ለመከታተል ጠንካራ መሣሪያ ነው። ፍለጋው ፈጣን ነው፣ ዳታውን ዳውንሎድ ማድረግም ቀላል ነው። ለግለሰብ የሚከፈል ገንዘብ ላይ ሲደርስ ግን በረኛው ይቆማል። ክፍያዎቹ በአካባቢ ተደምረው "ከአንድ በላይ ተቀባዮች" በሚል ይቀመጣሉ፣ ወይም ስሙ ለግል መረጃ ጥበቃ ተብሎ ይሰረዛል። ለጡረተኛ ወይም ለአካል ጉዳተኛ ክፍያ ይህ ተገቢ ነው፣ አልከራከርም። ገበሬ ግን በንግድ ሥራው ነው የሚከፈለው። ብዙው የአሜሪካ እርሻ ደግሞ በግለሰብ ስም የተያዘ ነው። ለዚህ ጉዳይ ብቻ ብዬ ሁለት ኮከብ፤ ለሌላ ሥራ ብትጠቀሙበት ከዚህ በጣም የተሻለ ነው።

ግራ የሚያጋባው ስሙ በሌላ በር በኩል መገኘቱ ነው። የገበሬ ድጎማ ስም ዝርዝር ሕዝባዊ ነው የሚለው ነገር የቆየ ነው። በ1996 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የጥጥ ድጎማ የተቀበሉ ሰዎች ስም ይሰጠኝ ብሎ ሚኒስቴሩን ከሶ በፌዴራል ፍርድ ቤት አሸንፏል። በ2008 የወጣው የእርሻ ሕግ ክፍል 1619 ደግሞ ገበሬው ስለ መሬቱና ስለ አሠራሩ ለመንግሥት የሰጠውን ዝርዝርና የካርታ መረጃ በምስጢር እንዲያዝ አደረገ። ይህ ክፍል ብዙ በር ዘግቷል። ግን እዚያው ውስጥ የክፍያ መረጃን፣ የተቀባዩን ስምና አድራሻ ጨምሮ፣ ለብቻ አውጥቶ ትቶታል። ስለዚህ የሚኒስቴሩ የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ የክፍያ ፋይሎቹን በመረጃ ነፃነት ሕግ ክፍሉ ስር በኤክሴል ያወጣቸዋል። እነዚህ ፋይሎች ወርቅ ናቸው። ስም አለ፣ የገንዘብ መጠን አለ፣ የፕሮግራሙ ስም አለ፣ ቀን አለ። ችግራቸው ለተራ ሰው አለመመቸታቸው ነው። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ በስልክ የሚሆን አይደለም፣ ፕሮግራሞቹን ለይቶ መደመር የኤክሴል ችሎታ ይጠይቃል፣ ያው ሰው አንዴ በስሙ አንዴ በድርጅቱ ሲመጣ ማገናኘት የእናንተ ሥራ ነው። ሦስት ኮከብ። ጊዜውና ላፕቶፑ ላለው አራት።

ይህን ሥራ ሠርቶ የሚያቀርብልን ኢንቫይሮሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። የእርሻ ድጎማ ቋታቸው ከ1995 ጀምሮ ያለውን ክፍያ ይዟል፣ የኮቪዱ ሲኤፍኤፒም ከዚያ በፊት ለገበሬዎች ከተከፈለው የንግድ ጦርነት ካሳ ጋር ጎን ለጎን ይገኝበታል። ስም ወይም ዚፕ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ያወጣላችኋል። በስቴት፣ በካውንቲ፣ በፕሮግራም፣ በዓመት ትከፋፍላላችሁ። ብዙ የወሰዱትን ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። ማንኛውም ሰው፣ ኤክሴል የማያውቅም ቢሆን፣ ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ላይ ሆኖ የገዛ ካውንቲውን ማየት ይችላል። አራት ኮከብ ያለምንም ማመንታት።

አምስተኛውን የከለከልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ድርጅቱ የራሱ አቋም አለው፤ የአሜሪካ የእርሻ ድጎማ ለትልልቆቹ ያደላል ብሎ ለዓመታት ይከራከራል። አቋሙን አልጠላውም፣ ቁጥሩም ከመንግሥት የመጣ ነው፣ ግን ቁጥሩን ስታነቡና ትንታኔያቸውን ስታነቡ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለዩ። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የእነሱ ጥፋት አይደለም፤ ከድርጅት ስም ጀርባ ያለው ሰው አይታይም። አንድ ኤልኤልሲ 700,000 ዶላር ወሰደ ሲል ባለቤቶቹ ሦስት ወንድማማቾች ይሁኑ ወይም ሌላ ከተማ የሚኖሩ ኢንቨስተሮች፣ ቋቱ አይነግራችሁም። አድራሻውም ፖስታ የሚደርስበት እንጂ እርሻው ያለበት ላይሆን ይችላል። ይህን ሳታስቡ ጎረቤታችሁን ሌባ አትበሉ። ደንቡን ተከትሎ የወሰደ ሰው ምንም አላጠፋም። የሚወቀስ ካለ ደንቡ ነው።

ፒፒፒን፣ ማለትም በኮቪድ ጊዜ ለአነስተኛ ንግዶች የተሰጠውን የመንግሥት ብድር፣ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ገበሬዎችም ከዚያ ወስደዋል፣ ብድሩም ሁኔታውን ላሟላ ሰው ይሰረዝ ስለነበር በተግባር ስጦታ ነበር። ብድሩን ያስተዳደረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደሩ፣ ስሞቹን መጀመሪያ አልሰጥም አለ። ከዚያ በጁላይ 2020 ከ150,000 ዶላር ጀምሮ ያለውን ብቻ በስም አወጣ፤ እሱንም ትክክለኛውን መጠን ሳይሆን "ከ350,000 እስከ አንድ ሚሊዮን" በሚል ሰፊ ክልል። በዚህ ስሌት ሁለት እርሻዎች አንዱ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ እየተበደረ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። የዜና ድርጅቶች ከሰሱ። በኖቬምበር 2020 የፌዴራል ዳኛ ሁሉም እንዲወጣ አዘዙ፣ በዲሴምበር መጀመሪያ ወጣ፣ ስምና ትክክለኛ መጠን፣ ትንሹም ትልቁም። አሁን ያለው የፒፒፒ ዳታ ከሁሉም የተሟላው ነው እላለሁ፣ አራት ኮከብ ተኩል ይገባዋል። ኮከቡ ግን ለከሳሾቹና ለዳኛው ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙም ሲነገር አልሰማም። እነዚህ ቋቶች ሁሉ የተከፈለውን ነው የሚያሳዩት፣ ያልተከፈለው አይታይም። የዶሮ ኮንትራት አርቢዎችን ውሰዱ። ዶሮው የኩባንያው ነው፣ ቤቱና ድካሙ የአርቢው። ሲኤፍኤፒ የሚሰላው በምርቱ ባለቤት ኪሳራ ስለነበር እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ባዶ ሆኖ በፕሮግራሙ አልተካተቱም፤ በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ ነው እስከ አንድ ቢሊዮን ዶላር ለኮንትራት አርቢዎች የፈቀደው። በእነዚያ ወራት ዳሽቦርዱ ላይ ዜሮ እንኳ ሆነው አልወጡም። የከብቱም ነገር ያው ነው። በመጀመሪያው ዙር ለእርድ የደረሰ ከብት ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ጊዜ የሸጠ ሰው በአንድ ራስ 214 ዶላር ተሰላለት። ከኤፕሪል 16 ጀምሮ ከብቱ ገና በእጁ የነበረ ሰው ግን 33 ዶላር። ዋጋው ወድቆ ቆይ ልጠብቅ ያለው፣ ወይም ፋብሪካው አልቀበልም ያለው ገበሬ በአንድ ቀን ልዩነት ያን ያህል አጣ። ደንቡ በይፋ ታትሟል፣ ተደብቋል አልልም። ግን ክፍያውን የሚያሳየው ገጽ ላይ ስሌቱ የለም፣ ስሌቱ ያለበት ሰነድ ላይ ክፍያው የለም። አንባቢው ሁለቱን ካላጋጠመ ፍትሐዊነቱን መፍረድ አይችልም።

የገበሬዎቹን የዘር ልዩነት በተመለከተም እንዲሁ። በማርች 2021 ያኔ አዲስ የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ቶም ቪልሳክ ለዋሽንግተን ፖስት በሰጡት ቃለ ምልልስ ከሁለቱ ዙሮች እስከዚያ ከተከፈለው ወደ 26 ቢሊዮን ከሚጠጋ ገንዘብ ለጥቁር ገበሬዎች የደረሰው 20.8 ሚሊዮን ዶላር ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። አንድ ሺህ ዶላር ሲከፈል አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በእርግጥ ገበሬዎች ዘራቸውን የሚሞሉት በፈቃዳቸው ስለሆነ ቁጥሩ ሁሉንም ላይዝ ይችላል። ግን ይህን የሚያህል ነገር የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው ገንዘቡ ከተከፋፈለ በኋላ ሚኒስትሩ አንስተውት ነው። ክፍያው ገና በመካሄድ ላይ ሳለ በየሳምንቱ ከሚታደሰው ዳሽቦርድ ላይ አንድ ዓምድ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ዙር ላይ የሆነ ነገር መስተካከል ይችል ነበር።

የግል ሕይወትስ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አውሮፓ ይህን ክርክር አልፎበታል። የአውሮፓ ኅብረት የእርሻ ድጎማ ተቀባዮችን ስም ማውጣት ሲጀምር ሁለት የጀርመን ገበሬዎች ከሰሱ፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2010 የግለሰቦችን ስም ያለልዩነት ማውጣት ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ደንቡን በከፊል ሻረው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን አልተዉትም፤ በ2013 ደንቡን አስተካክለው መለሱት፣ በጣም ጥቂት የሚቀበሉ ትንንሽ ገበሬዎች ስማቸው እንዳይወጣ፣ የሌሎቹ እንዲወጣ። ይህ ሚዛን ለእኔ ልክ ነው። 2,000 ዶላር የወሰደ ሽማግሌ ገበሬ ስሙ ቢቀር ማንም አይጎዳም። ሩብ ሚሊዮን የወሰደው ግን ይውጣ፣ ከነባለድርሻዎቹ፣ ከነስሌቱ፣ ክፍያው በተፈጸመ በሳምንታት ውስጥ።

ለመጠቀም ለምትፈልጉ ደግሞ መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ የኢንቫይሮሜንታል ወርኪንግ ግሩፕን ቋት ክፈቱና ካውንቲያችሁን አውጡ። ዓይናችሁን የሳበው ስም ካለ ወደ ኤጀንሲው የኤክሴል ፋይል ሄዳችሁ ቀኑንና ፕሮግራሙን አረጋግጡ። ስሙ የድርጅት ከሆነ የስቴቱን የንግድ ምዝገባ ገጽ ፈልጉ፣ ብዙዎቹ ስቴቶች ቢያንስ የድርጅቱን ወኪል ስም በነፃ ያሳያሉ። ፒፒፒም ወስዶ እንደሆነ ለብቻው ተመልከቱ፣ ሁለቱ ዳታ በአንድ ቦታ አይገኝም። የምትፈልጉት ፋይል ካልወጣ በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። ጠበቃ አያስፈልግም፣ ኢሜይል ይበቃል፣ መሥሪያ ቤቱም በሕጉ መሠረት በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በክፍል 1619 ምክንያት አንሰጥም የሚል መልስ ከመጣ የዚያኑ ክፍል ንዑስ ክፍል ለ ተራ ቁጥር 4 (በእንግሊዝኛው (b)(4)) ጠቅሳችሁ መልሱላቸው፤ የክፍያ መረጃ፣ ስምና አድራሻን ጨምሮ፣ ከክልከላው ውጭ መሆኑ እዚያ ተጽፏል።